ከጉና ሥር የቀለጠው መዳብ፦ የአፄ ቴዎድሮስ ሕይወትና የከመቶ ስሌት

ጋፋትን የማያውቅ የደብረ ታቦር ሰው የለም። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ የሚገኘው ይህ ስፍራ የአፄ ቴዎድሮስ የመሣሪያ መሥሪያ እንደነበር ልጅ አዋቂው ይናገራል። ሴባስቶፖል የሚባለው መድፍም ስሙ ከአገር አገር የታወቀ ነው። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ጀግንነት ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተዘፍኗል። በዚህ እትም እኛ የምናነሣው ግን ብዙ ጊዜ ችላ የተባለውን ነገር ነው። ይኸውም ወደ ምድጃው ከገባው ብረታ ብረት ምን ያህሉ መዳብ፣ ምን ያህሉ ቆርቆሮ መሆን ነበረበት? በባሩዱስ ውስጥ ምን ያህል ኦክሲጅን ይገኛል? የሚለው የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው።

ዕጩ መምህራን የአንድን ውሁድ የከመቶ ድርሻ ይዘው የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር ክብደት ማስላት ሲማሩ ነገሩ ደረቅ ቁጥር ይመስላቸዋል። የዚህን ሰው ሕይወት ከሥራው ጋር አያይዘን ስንመለከተው ግን ቁጥሩ ሥጋና ደም ይለብሳል።

ከቋራ እስከ ደረስጌ

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. አካባቢ በቋራ ተወለዱ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር ንጉሥ ቢኖርም ሥልጣኑ የስም ብቻ ሆኖ አገሩን የሚያዝዙት የየጁ ራሶች ነበሩ። ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት ደብረ ታቦርም የእነዚህ ራሶች መቀመጫ ነበረች። ካሣ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቀምሰዋል፤ ከዚያም ሸፍተው በቆላው አካባቢ ጭፍራ አሰባሰቡ።

በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። የካሣ ሰዎች ጀግኖች ነበሩ፤ ነገር ግን ከምሽግ ውስጥ በሥርዓት የሚተኮስ መድፍና ጠመንጃ ጠበቃቸው። ብዙ ሰው አለቀ። ካሣ ከዚህ ሽንፈት የወሰዱት ትምህርት ዕድሜያቸውን ሙሉ አልለቀቃቸውም። ጀግንነት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሥልጠና ያለው ጦርና የእሳት መሣሪያ እንደሚያስፈልግ ተረዱ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አደረጉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ካሸነፉ በኋላ በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ቅባ ንግሥ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ፣ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተባሉ። በዘመናቸው ደብረ ታቦር ዋና ከተማቸው ሆነች። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የርብንና የጉማራን ውሃ ይልካል፤ ደጋው እህልና ከብት ያበላል። ለትልቅ ጦር የሚመች አገር ነው።

ጋፋት

አፄ ቴዎድሮስ ከውጭ አገር መሣሪያ መግዛት ብቻ አልፈለጉም። የፈለጉት መሣሪያውን የሚሠራና ለአገር ልጅ የሚያስተምር ባለሙያ ነበር። በዘመናቸው ከስዊስ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪስቾና ማሠልጠኛ የመጡ ሚሲዮናውያን ነበሩ። ከእነሱም ውስጥ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ሳልሙለር ይገኙባቸዋል። ሞሪትዝ ሆል የሚባል ፖላንዳዊ፣ ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በጋፋት ሰፍረው መንገድ ሠሩ፣ ጋሪ አበጁ፣ መሣሪያ ጠገኑ። የአገሬው ወጣቶችም እየተመደቡላቸው ማንበብና የእጅ ሙያ ይማሩ ነበር። እንግዲህ ጋፋት ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትም ነበር ማለት ነው።

መድፍ እንዲያቀልጡ ሲታዘዙ ግን ሚሲዮናውያኑ ደነገጡ። የመጡት ሊሰብኩ እንጂ መድፍ ሊሠሩ አልነበረም፤ ሙያውንም አልተማሩም። ንጉሡ ግን እምቢታ አልተቀበሉም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ምድጃው እሳቱን አልቻለም። ሌላ ምድጃ ሠሩ፤ እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ ብረቱ ቀልጦ ወደ ቅርጹ ፈሰሰ። ንጉሡም እጅግ ተደስተው ሠራተኞቹን ሸለሙ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ምድጃው ለምን አስቸገረ? መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቆርቆሮ ግን በ232 ዲግሪ ይቀልጣል። (ቆርቆሮ ስንል የቤት ክዳኑን ማለታችን አይደለም። የቤት ክዳን ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። እኛ የምንለው ለእቃ መለበጫ የሚያገለግለውን ነጩን ብረት ነው።) መዳቡን ለማቅለጥ የሚበቃው እሳት ቆርቆሮውን ከአየር ጋር እያዋሐደ ወደ አመድነት ይለውጠዋል። ስለዚህ አቅላጩ በመጀመሪያ መዝኖ ያስገባው ልክና በመጨረሻ ወደ ቅርጹ የሚፈስሰው ልክ አንድ አይሆንም። የሙያው ችግር እዚህ ላይ ነው።

የሴባስቶፖል ሒሳብ

በዚያ ዘመን በአውሮፓ ለመድፍ የሚቀልጠው ነሐስ በግምት ከመቶ 90 መዳብ፣ ከመቶ 10 ቆርቆሮ ነበር። ቆርቆሮው ካነሰ ነሐሱ ይለሰልስና አፈሙዙ ቶሎ ይበላል። ከበዛ ደግሞ ይደርቅና እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝናል። ለስሌታችን ያህል ያንኑ የአውሮፓውን ልክ ብንወስድ ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል፦

መዳብ፦ 7000 ኪሎ ሲባዛ በ90 ሲካፈል ለ100፤ 6300 ኪሎ።
ቆርቆሮ፦ 7000 ኪሎ ሲባዛ በ10 ሲካፈል ለ100፤ 700 ኪሎ።

ቀላል ነው አይደለም? ታዲያ ጉዱ የሚመጣው አሮጌ ብረት ሲቀላቀል ነው። 2000 ኪሎ አሮጌ ነሐስ ተሰብስቧል እንበል፤ ከመቶ 4 ቆርቆሮ አለበት። ከመቶ 10 ለማድረስ ምን ያህል ቆርቆሮ እንጨምር? ብዙ ተማሪ ከ10 ላይ 4 ይቀንስና የ2000 ኪሎ ከመቶ 6 ብሎ 120 ኪሎ ይላል። ስሕተት ነው። ቆርቆሮ ስንጨምር ጠቅላላው ክብደትም ስለሚያድግ 200 ኪሎ ቆርቆሮ በ2120 ኪሎ ውስጥ ይሆናል፤ ይህም ከመቶ 9.4 ብቻ ነው። ትክክለኛው መንገድ ያለውን 80 ኪሎና የሚጨመረውን ደምሮ፣ ከአዲሱ ጠቅላላ ክብደት አንድ አሥረኛ ጋር ማስተካከል ነው። መልሱም 133.3 ኪሎ ይመጣል። በወረቀት ላይ የ13 ኪሎ ልዩነት ምንም አይመስልም፤ አቅላጩ ግን ያለ ስሌት ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ተፈጥሮ የወሰነችውና ሰው የወሰነው

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቅይጥ ነው። በቅይጥ ውስጥ ልኩን የሚወስነው ሰው ነው፤ 90 በ10 ቢል፣ 80 በ20 ቢል መብቱ ነው። በውሁድ ግን እንዲህ የለም። ይህን ልዩነት በደንብ ያስጨበጠ ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፕሩስት ነው። የሚገርመው ነገር ፕሩስት በስፔን አገር በሴጎቪያ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተምር የነበረ ሰው መሆኑ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ከተራራ የተቆፈረውን አረንጓዴ የመዳብ ውሁድና በቤተ ሙከራ የሠራውን መርምሮ የንጥረ ነገሮቹ ድርሻ ያው ሆኖ አገኘው። ክርክር ያነሡበት ነበሩ፤ ከተከራካሪዎቹም አንዱ ታዋቂው በርቶሌ ነበር። በርቶሌ እንደ ቅይጥ ያሉትን ነገሮች እያነሣ ድርሻ ይለዋወጣል ይል ነበር። በመጨረሻ ግን ለእውነተኛ ውሁዶች የፕሩስት ሕግ ጸና። ፕሩስት እ.ኤ.አ. በ1826 ሲሞት ካሣ ኃይሉ ገና ልጅ ነበሩ።

ለዚህ ከቤታችን ምሳሌ እንውሰድ። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በደብረ ታቦር ገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው ነው። ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የሶዲየም አቶማዊ ክብደት 23፣ የክሎሪን 35.5 ነው፤ ድምሩ 58.5። ስለዚህ ሶዲየሙ ከመቶ 39.3፣ ክሎሪኑ ከመቶ 60.7 ይሆናል። ጥሩ ንጹሕ የሆነ 500 ግራም ጨው ብንወስድ፦

ሶዲየም፦ 500 ሲባዛ በ39.3 ሲካፈል ለ100፤ 196.5 ግራም።
ክሎሪን፦ 500 ሲባዛ በ60.7 ሲካፈል ለ100፤ 303.5 ግራም።

ሁለቱን ብንደምር 500 ይመጣል። ድምሩ ካልመጣ ስሌቱ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ይህን ማረጋገጫ ተማሪ እንዳይረሳው ማስለመድ ይገባል። ጨው ከአፋር ምድረ በዳ ተቆርጦ በግመል ቢመጣ፣ ከባሕር ተንጥፎ በመርከብ ቢመጣ፣ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ይህ ቁጥር አይነቃነቅም። ንጉሥም በአዋጅ ሊለውጠው አይችልም።

የባሩድ ምስጢር

መድፍ ያለ ባሩድ ዝም ብሎ ነሐስ ነው። የጥቁር ባሩድ የታወቀው ልክ ከመቶ 75 ፖታሲየም ናይትሬት፣ ከመቶ 15 ከሰል፣ ከመቶ 10 ድኝ ነው። ባሩድ ድብልቅ ነው፤ ልኩን ሰው ይወስነዋል። በውስጡ ያለው ፖታሲየም ናይትሬት ግን ውሁድ ነው፤ ልኩን ተፈጥሮ ወስናዋለች። እንግዲህ ሁለቱም ዓይነት ስሌት በአንድ እፍኝ ባሩድ ውስጥ ይገናኛሉ።

10 ኪሎ ባሩድ እንውሰድ። ፖታሲየም ናይትሬቱ 7.5 ኪሎ፣ ከሰሉ 1.5 ኪሎ፣ ድኙ 1 ኪሎ ነው። ፖታሲየም ናይትሬት አንድ ፖታሲየም፣ አንድ ናይትሮጅንና ሦስት ኦክሲጅን አለው። በአቶማዊ ክብደት 39፣ 14 እና 48፤ ድምሩ 101። በከመቶ ሲሰላ ፖታሲየም 38.6፣ ናይትሮጅን 13.9፣ ኦክሲጅን 47.5 ይሆናል። ስለዚህ በ7.5 ኪሎው ውስጥ፦

ፖታሲየም 2.90 ኪሎ፤
ናይትሮጅን 1.04 ኪሎ፤
ኦክሲጅን 3.56 ኪሎ። ድምሩ 7.50 ኪሎ።

ልብ በሉ፤ ከ10 ኪሎው ባሩድ ውስጥ ከሦስት ኪሎ ተኩል በላይ የሚሆነው ኦክሲጅን ነው። ከሰል በምድጃ ሲነድ ኦክሲጅኑን ከአየር ያገኛል። በመድፍ ሆድ ውስጥ ግን አየር የት ይገኛል? የሚያነድደው ኦክሲጅን በውሁዱ ውስጥ ታስሮ አብሮ የገባው ነው። ለዚህ ነው ባሩድ በተዘጋ ቦታ በቅጽበት የሚነድደው። ተማሪው ለምን እናሰላለን ብሎ ሲጠይቅ ለመምህሩ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ያልመጣው መልስና ረጅሙ መንገድ

ወደ ንጉሠ ነገሥቱ እንመለስ። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ፤ መልስ አልመጣም። በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። በጥር 1858 ዓ.ም. መልእክተኛው ራሳም መጣ፤ በኋላ እሱም ታሰረ። በዚያው ዓመት ፍላድ የሚባለው ሚሲዮናዊ ባለሙያዎችና መኪና እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ተላከ። ባለሙያዎቹና ዕቃው በእርግጥም ተልከው ምጽዋ ድረስ መጡ። ነገር ግን እንግሊዝ እስረኞቹ አስቀድመው ይፈቱ አለች፤ ንጉሡ ዕቃውና ሰዎቹ አስቀድመው ይምጡ አሉ። ሁለቱም አልሆነም። የፈለጉት እውቀት ባሕሩ ዳር ደርሶ ተመለሰ።

በአገር ውስጥም ነገሩ እየጠበበ ሄዶ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። በላስታ ዋግሹም ጎበዜ አመፁ። ንጉሡ በቁጣ ተነሥተው በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፉ፣ አቃጠሉ። ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ የበጌምድር ገበሬም ከቀለብና ከቅጣት ብዛት ከዳቸው። የአንድነት አባት ያልናቸው ሰው ይህንንም አድርገዋል፤ አንዱን ነግሮ ሌላውን መደበቅ ለመምህር አይገባም።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፎቹን ይዘው ነበር፤ ሴባስቶፖልንም ጭምር። መንገድ አልነበረም፤ እየጠረቡ፣ እየደለደሉ ሄዱ። መድፉን በጠፍር የሚጎትተው በመቶ የሚቆጠር ሰው ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ወርደው ድንጋይ ያነሱ፣ መንገድ ያስተካክሉ እንደነበር ያዩዋቸው ጽፈዋል። የዝጣን ገደል ወርደው ወጡ፤ የበሽሎንም እንዲሁ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። ወራት የፈጀ ጉዞ ነበር። በዚያ 7 ቶን ውስጥ በስሌታችን 6300 ኪሎ መዳብ ነበር ብለናል። ያን ሁሉ የተሸከመው የሰው ጀርባ ነበር።

በሌላ በኩል የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ተነሥቶ መጣ፤ በዝሆን የሚጫን መድፍና ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዞ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ ተጋጠሙ። ከኢትዮጵያውያኑ 700 ያህል ሞቱ፤ ከእንግሊዞቹ በቁስል የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩ አፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት በገዛ ሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ምስሉም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

የቀረው ምንድን ነው?

መድፉ ቀርቷል። ሒሳቡስ የት ሄደ? የጋፋት ባለሙያዎች ከናፒየር ጦር ጋር አገር ለቅቀው ወጡ። ልኩን፣ የምድጃውን ሙቀት፣ ቆርቆሮው በምን ሰዓት እንደሚጨመር የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። በጋፋት የተማሩት የአገር ልጆች ያዩትን ለሌላ የሚያስተላልፉበት ቦታ አጡ። ዋልድማየር በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ትምህርት ቤቱ ከሰውዬው በኋላም ቀጠለ። ጋፋት ግን በሰዎቹ መሄድ አብቅቶ ቀረ።

እኛ ከዚህ ሕይወት የምናወጣው ትምህርት ይህ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከብዙ መሪዎች ቀድመው የተረዱት ነገር መሣሪያው ሳይሆን መሣሪያውን የሚሠራው እውቀት ዋና መሆኑን ነው። የጎደላቸው እውቀቱን ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግር፣ ንጉሥ ቢሞት፣ ባለሙያ ቢሄድ የማይቋረጥ ሥርዓት ነው። ያ ሥርዓት ትምህርት ቤት ይባላል፤ አዋቂውም መምህር ነው።

ስለዚህ ነገ በፋርጣ፣ በእስቴ ወይም በጋይንት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ጠመኔ ይዘን ስንቆም የከመቶን ስሌት በቃል አስጠንተን አንለፍ። ከገበያ ጨው እናምጣ። በመጀመሪያ ተማሪው ውሁድ ነው ወይስ ድብልቅ ብሎ ይጠይቅ። ውሁድ ከሆነ ድርሻውን ከአቶማዊ ክብደት ያውጣ፤ ድብልቅ ወይም ቅይጥ ከሆነ ድርሻውን ከሠራው ሰው ይጠይቅ ወይም ይመርምር። ከዚያ ያባዛ፣ ያካፍል። በመጨረሻ ደምሮ ያረጋግጥ።

ለመለማመጃ ያህል ደግሞ ይህን ትተንላችኋል። ከአንድ የመዳብ ማቅለጫ ምድጃ ላይ 50 ኪሎ የመዳብ ኦክሳይድ ተገፎ ተጣለ እንበል። ውሁዱ አንድ መዳብና አንድ ኦክሲጅን አለው፤ የመዳብ አቶማዊ ክብደት 63.5፣ የኦክሲጅን 16 ነው። አብሮ የተጣለው መዳብ ስንት ኪሎ ነው? ከአየር የገባው ኦክሲጅንስ? ሁለት ሁለት ሆናችሁ ለየብቻ ሥሩና አስተያዩ። መልሳችሁ ካልተስማማ ጋዜጣውን አትውቀሱ፤ ድምሩን መርምሩ።